ከአንኮበር የመጣችው ዶሮ

አራዳ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእሜቴ ለወይዘሮ አሰፋች፣ አንኮበር።

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱ ጉልበትዎን እንዳሳመመዎ ነጋዴው ካላዩ ነግሮኛል፤ እግዚአብሔር ይማርዎ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጅዎ ፈቀደም ደኅና ነው።

በካላዩ በኩል «የላክሁልሽ ዶሮ ስንት እንቁላል ጣለች?» ብለው ላስጠየቁኝ መልሱ አጭር ነው። አንድም አልጣለችም። ካላዩ ከቅርጫት አውጥቶ የሰጠኝ በመስቀል ዕለት ነው፤ ዛሬ ሃያ አምስት ቀን ሆናት።

ከዶሮዋ ጋር የላኩትን ቃልም አልረሳሁትም። «እስከ ገና ጫጩት አስፈልፍላ ታሳየኝ፤ ያን ጊዜ ቤት መያዝ ትችል እንደሆነ አውቃለሁ» ብለዋል። ልጅዎን ካገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እናቴ ውቤ በረሃ ጠጅ ትሸጥ ስለነበር በሠርጌ አልተገኙም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ሳይልኩልኝ ቆይተው መጀመሪያ የላኩልኝ ፈተና ሆነ። ይሁን፤ ከፈተናው አልሸሽም።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ዶሮ አርብቼ አላውቅም። የሠፈሬ ሴቶች «አርደሽ ብያትና ለገና ሌላ ግዢ፤ አሮጊቷ አንኮበር ሆነው በምን ይለዩአታል?» ይሉኛል። አላርዳትም። ሌላ ገዝቼም የእርስዎ ናት አልልም። የማላውቀውን መጠየቅ ግን አያሳፍረኝም፤ ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። አንዲት ጤነኛ የምትመስል ዶሮ እንቁላል የምትከለክለው በምን ምክንያት ነው?

«ደብዳቤ ማን ይጽፍልሻል?» ላሉትም፣ የምጽፈው ራሴ ነኝ። እናቴ ቤት ይመላለስ የነበረ አንድ ደብተራ ጠጁን እየጠጣ ፊደል አስቆጥሮኛል።

ሰርክአዲስ


አንኮበር፣ ኅዳር ፩ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ አራዳ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ማንበብ እንጂ መጻፍ እጄ ስለተወው ይህን የሚጽፍልኝ መሪጌታ ሐድጉ ነው። «ስለ ዶሮ መቀመጫ በቀለም አልጽፍም» እያለ ያጉረመርማል፤ እኔም እየጠጣህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

በሠርግሽ አልመጣሁም፤ አልወደድኩትም ነበር። አሁንም እንደወደድኩት አድርገሽ አታስቢ። ይቅርታም አልጠይቅሽም። ነገር ግን ጥያቄሽ የሰው ጥያቄ ነውና እመልስልሻለሁ።

ዶሮዋ ሁለተኛ ዓመቷን መያዟ ነው። ከእኔ ቤት ስትነሣ በየሁለት ቀኑ ትጥል ነበር። የአምስት ቀን መንገድ በቅርጫት ተንጠልጥላ ስትሄድ ብትደነግጥና ለሁለት ሳምንት ብታቆም አልፈርድባትም። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ። ያዥያትና ከጅራቷ ሥር ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች ዳብሺ። በመካከላቸው ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፤ የምትጥልበትን ደብቃሻለችና ጓሮውንና የጎረቤቱን አጥር ሁሉ ፈልጊ። አንድ ጣት ብቻ ከገባ አቁማለች። ራሷ ላይ ያለውን ሥጋ እዪው፤ ቀይ ነው ወይስ ገርጥቷል? ላባዋን ታረግፋለች? ክንፏን ገልጠሽ ቅማል እዪ። የምታድርበት ቦታ ሽልምጥማጥ ይመጣባት እንደሆነ ዱካ ፈልጊ፤ የፈራች ዶሮ አትጥልም። ምን ትበላለች? በቀን ስንት ጭብጥ? የሚሰጣትስ ማን ነው?

ሌላም ልጠይቅሽ። ፈቀደ መጻፍ ያውቃል፤ ለትምህርቱ አንድ በቅሎ ሸጬበታለሁ። ከደብዳቤሽ ግርጌ አንዲት መስመር መጨመር ለምን አቃተው?

አሰፋች


አራዳ፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእሜቴ ለወይዘሮ አሰፋች።

ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይ? መልስዎ በደረሰኝ ዕለት ያሉትን ሁሉ አድርጌአለሁ። በርበሬ የምትቸረችር ረሂማ የምትባል የወሎ ሴት ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ያዘችልኝና እኔ ዳበስኩ። በአጥንቶቹ መካከል የገባው አንድ ጣት ነው፤ እሱም በግድ። ረሂማም ደግማ ዳበሰችና «ይቺማ ዘግታለች» አለች። ስለዚህ ደብቃ አትጥልም። ቢሆንም ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ከእኛ አጥር እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ ፈትሻለሁ። ከታች ያለችው ጎረቤቴ «እንቁላል ሰርቃኛለች ልትዪ ነው?» ብላ ስትቆጣ «አንቺን ሳይሆን ዶሮዬን ነው የምጠረጥረው» ብያት ሳቀች፤ እሷም አብራኝ ፈለገች። ምንም የለም።

ራሷ ላይ ያለው ሥጋ ገርጥቷል፤ ወደ አመድ ያደላል። ላባ አታረግፍም። ቅማል ነበረባት፤ አመድ አንጥፌ አንከባለልኳትና ጠፋላት። የምታድረው ከመኝታዬ አጠገብ በቅርጫት ስለሆነ ሽልምጥማጥ አያገኛትም።

የሠፈሩ ሰው ዓይን በልቷታል ይላል። ክታብ እንዳሥርላት አንድ አዋቂ ነኝ ባይ በራሱ ፈቃድ ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር። መለስኩት። ምክንያቱን ሳላውቅ አንገቷ ላይ ምንም አላንጠለጥልም።

ምግቧን የምሰጣት እኔ ነኝ። እኔ የምበላውን ትበላለች።

ፈቀደ ሥራ በዝቶበታል። ለበዓል ልብስ የሚያሰፋው ሰው ብዙ ነው። እጅ ነሥቶዎታል።

ሰርክአዲስ


አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፲ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሰርክአዲስ።

የጠየቅሁሽን ሁሉ በደንብ መልሰሻል፤ አንዱ ሲቀር። «እኔ የምበላውን ትበላለች» መልስ አይደለም። ስንት ጭብጥ እህል ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። ከዶሮዋ ጋር አንድ ስልቻ ገብስ ልኬ ነበር። ሥጋዋ የገረጣ፣ አጥንቷ የተጋጠመ፣ ላባዋን ያላራገፈች፣ ያልፈራች ዶሮ ምን እንደሆነች የባላገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ተርባለች። ዶሮ የሚራብበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሰውም ይራባል። ልጄ ሥራ ከበዛበት ቤቱ ለምን እህል የለም?

ሌላው ይህ ነው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ከፈቀደ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ከድሬዳዋ። «በዚህ በኅዳር፣ በሚካኤል ማግስት ከሥራዬ ስመለስ ቤቴን እንደ እናቷ ጠጅ ቤት አድርጋው፣ ወንዶች አልጋዬ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ፤ ያኔውኑ ጥዬ ወጣሁ» ይላል። ቤቱን ሸጦ እንዲገላገል የመሬቱን ወረቀት እንድልክለት ይለምነኛል። ወረቀቱ አባቱ ሲሞት በእኔ ስም የቀረ ነው፤ አሁንም በእጄ ነው።

አንቺ በኅዳር ሃያ ሥራ በዝቶበታል፣ እጅ ነሥቶዎታል ብለሽ ጽፈሽልኛል። እሱ በኅዳር አሥራ ሦስት ወጣሁ ይላል። አንዳችሁ ዋሽታችሁኛል፤ ምናልባትም ሁለታችሁ። እውነቱን በሚመጣው ካላዩ ላኪልኝ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም።

አሰፋች


አራዳ፣ ታኅሣሥ ፳፬ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

እሜቴ፣ ዛሬ ሰላምታውን አሳጥራለሁ፤ ይለፉኝ።

ዋሽቼዎታለሁ። ፈቀደ ቤት የለም። የሄደው በኅዳር ሳይሆን ሐምሌ አምስት ቀን ነው። የስፌት መኪናውን በኩሊ አሸክሞ፣ ብርድ ልብሳችንንም ጠቅልሎ ወደ ባቡሩ ሄደ። «ድሬዳዋ ጥሩ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ስደላደል አስመጣሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰውም ደብዳቤም አልላከልኝም። ዶሮዋ ስትመጣ ከሄደ ሁለት ወር አልፎት ነበር። አብራው የተሳፈረች ሴት እንደነበረች በኋላ ሰው ነግሮኛል። ይህን እንኳ ልተውልዎት ብዬ ነበር፤ እውነቱን ካሉኝ ግን እሱም ከእውነቱ ነው።

ያልነገርኩዎት ፈርቼ አይደለም። «የጠጅ ሻጭ ልጅ ባሏን መያዝ አቃታት» የሚለውን ቃል ከእርስዎ አፍ መስማት ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ከፈለጉ ይበሉት፤ ችዬ አነበዋለሁ።

ቤቴ ጠጅ ቤት አይደለም፤ ጋን እንኳ የለኝም። የቀሚስ ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ የረሂማ ወንድም እንድሪስ በሱቁ ይሸጥልኛል። እናቴ ጠጅ ሸጣ አሳደገችኝ፤ በዚያ አላፍርም። እኔ ግን አልሸጥኩም፤ ያልሠራሁትንም አልቀበልም።

ገብሱን በላሁት። እየቆላሁ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ አዳረስኩት። ለዶሮዋ መጀመሪያ አንድ ጭብጥ፣ ኋላ ግማሽ፣ ከዚያ ምንም። እኔ የምበላውን ትበላለች ያልኩት ግን ውሸት አልነበረም፤ ጎመን ስበላ ጎመን በልታለች። ጦሜን ባደርኩ ቀን ጦሟን አድራለች። መራቤን ለረሂማ እንኳ አልነገርኩም ነበር፤ እርስዎ አንኮበር ተቀምጠው ደረሱበት። ደብዳቤዎ የመጣ ዕለት አለቀስኩ፤ ከኀዘን ይልቅ ንዴቱ በዝቶብኝ ነው። ከዚያ ተነሥቼ ለረሂማ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣችኝ። አሁን ከእህል ተራ ግርድ እያመጣች ትሰጠኛለች፤ ለቅሜ ለዶሮዋ አቀርባለሁ፤ አጥንትም ወቅጬ እጨምርላታለሁ።

ወረቀቱን ለልጅዎ ቢሰጡት አልከስዎትም። ግን ይወቁት፤ ከዚህ ቤት አልወጣም። ጣራውን ከላዬ ቢያነሡት ግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። ከሠርጌ በፊት ወደነበርኩበት ወደ ወንድሜ ቤትም አልመለስም። ዶሮዋንም አልመልስልዎትም፤ አብራኝ የተራበች የእኔ ናት።

ሰርክአዲስ


አንኮበር፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ሰርክአዲስ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ካላዩ ሁለት ስልቻ ገብስ ይዞልሻል። አንዱ የዶሮዋ ነው፣ አንዱ ያንቺ ነው፤ አታቀላቅዪው። ለእሷ ጠዋት አንድ ጭብጥ፣ ማታ አንድ ጭብጥ። ጨክነሽ ከዚያ በላይ ከልክያት፤ ከሰባችም አትጥልም። የተወቀጠውን አጥንት አታቋርጪ። ሦስት ሳምንት ታገሺ።

የጥምቀት ማግስት ፈቀደ በበቅሎ መጣ። ኮት ለብሷል፣ ጫማ አድርጓል። አቅፌ ሳምኩት፤ ልጄ ነው። በልቶ ሲጨርስ ጠየቅሁት።

«ከቤትህ የወጣኸው መቼ ነው?»

«በኅዳር ነዋ። ጽፌ የለ?»

«እስከዚያ ከሚስትህ ጋር ነበርክ?»

«አንድ ቀን አልተለየኋትም።»

«ዶሮዬ እንዴት ናት ታዲያ?»

«የምን ዶሮ?» አለኝ።

በመስቀል የገባች ዶሮ ናት። እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ከአንዲት ዶሮ ጋር ሁለት ወር የኖረ ሰው የምን ዶሮ ብሎ አይጠይቅም። እሱም ፊቴን አይቶ የሆነ ነገር እንደሳተ ገባውና መጮህ ጀመረ። «የጠጅ ሻጭ ልጅ ከእኔ በለጠችብሽ? እሷ አልዋሸችሽም?» አለኝ።

«ዋሽታኛለች» አልኩት። «እሷ የዋሸችኝ አንተን ለመሸፈን ነው። አንተ የዋሸኸኝ እሷን ለማራቆት ነው።»

ወረቀቱን አልሰጠሁትም። ሳይሰናበተኝ ሄደ። የደብሩ አለቃ፣ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ መጣብኝ፤ አንድ ልጅሽን ለባዕድ ሴት ብለሽ ታጪያለሽ ወይ አሉኝ። አንተን ወልጄ ቢሆን እንዲሁ አደርግህ ነበር ብዬ አለቃውን መለስኩት።

እዚህ ላይ መሪጌታ ሐድጉ ብዕሩን አስቀምጦ «እናት በልጇ ላይ የምትናገረውን አልጽፍም» አለኝ። እንግዲያው ብዕሩን አምጣው አልኩት። ከዚህ በታች ያለው የራሴ እጅ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺው።

ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ። ዳኛ ፊት ቤቱን በስምሽ አስጽፋለሁ። ጉልበትሽ አይችልም ብለውኛል። በቅሎዋ ትችላለች።

አሰፋች


አራዳ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእሜቴ ለወይዘሮ አሰፋች።

የእጅዎን ጽሕፈት አንብቤዋለሁ፤ አንድም ፊደል አልጠፋኝም።

ጥላለች። የካቲት ዘጠኝ ቀን ጠዋት ከቅርጫቷ አልነሣ ስትለኝ ታመመች ብዬ ደንግጬ ነበር። ስትነሣ ከሥሯ አንድ እንቁላል ተቀምጧል፤ የእርግብ ያህላል፣ የደም ክር አለበት። ረሂማን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለታችንም ቆመን ስናየው ቆየን። አሁን በየሁለት ቀኑ ትጥላለች፤ መጠኑም ደኅና ሆኗል። ለጫጩት አስቀምጥላታለሁ። ገና አልፏል፤ የእርስዎ ቀን አልፏልና ከእንግዲህ የማስፈለፍለው ለራሴ ነው።

«ፈቀደ ወደ አንቺ መጣ ወይ?» ብለው በካላዩ በኩል ጠይቀውኛል። መጥቷል። ባለፈው እሑድ ከሁለት ሽማግሌዎችና ቤቱን ሊገዛ ከመጣ ሰው ጋር ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ዕቃሽን አውጪ፤ ቤቱ ተሸጧል» አለኝ።

«ወረቀቱን አሳየኝ» አልኩት።

«ከእናቴ ዘንድ ይመጣል።»

ገዢው ወደ እሱ ዞሮ «በእጄ ነው አላልከኝም እንዴ?» አለው። ነጠላውንም ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ የፈቀደ ድምፅ ተለወጠ። ያቺ ሴት ትታው እንደሄደች ነገረኝ። የስፌት መኪናውን እንደሚመልስልኝ፣ እንደ ድሯችን እንደምንኖር ነገረኝ። ሽማግሌዎቹም «ባልሽ ነው፤ አስገቢው፤ የሰው ዓይን አያርፍብሽ» አሉኝ።

«ሐምሌ ላይ ሲወጣ የት ነበራችሁ?» አልኳቸው። «ስራብስ የት ነበራችሁ? ደጄ ያው ይኸው ነበር።»

በሩን ዘጋሁ።

ስለ ቤቱ አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ቢቆጡም እላለሁ። በእኔ ስም ብቻ አያስጽፉት። በሁለታችን ስም ይሁን። ምጽዋት አልቀበልም፤ አብሮ መያዝ ግን እችላለሁ። ሲመጡ የሚያርፉበት ክፍል ይኖርዎታል።

ሰርክአዲስ


አራዳ፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

እሜቴ፣ አንኮበር በሰላም እንደገቡ ካላዩ ነገረኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ጉልበትዎን አሳብጦት አንድ ሳምንት እንደተኙም ሰምቻለሁ። «ለእሷ አትንገራት» ማለትዎንም ነግሮኛል።

ከሄዱ ወዲህ ሠፈሩ ሌላ ወሬ የለውም። ቤቱ በሁለታችን ስም በተጻፈ ዕለት ዳኛው «እናት ሆነሽ በገዛ ልጅሽ ላይ?» ሲልዎት «በልጄ ላይ አይደለም፤ በውሸቱ ላይ ነው» ያሉትን ረሂማ በርበሬ በሰፈረች ቁጥር ታወራዋለች። ከአጥር በታች ያለችው ጎረቤቴ ችሎት የነበረች ይመስል ትጨምርበታለች። ጫጩቶቹ ስምንት ተፈልፍለው ሰባት ድነዋል። አንዱን ጭልፊት ወሰደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቅሎዋ ላይ ሲወጡ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ካላዩ ቆሞ ይሰማ ስለነበር መልሱን ለደብዳቤ አቆየሁት። «አንድ ቀን ተጸጽቶ ቢመጣ ትቀበዪዋለሽ?» ነበር ያሉት።

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። ልጅዎ ነው። እርስዎ እዚህ ባሉ ጊዜ ከእናቱ ጋር ሊበላ ቢመጣ እጁን አስታጥበዋለሁ፤ የቀረበውን ይብላ። ባሌ ሆኖ ግን አይገባም። ታሞ ቢመጣም፣ ሽማግሌ ይዞ ቢመጣም፣ እርስዎ ራስዎ እጁን ይዘው ቢያመጡትም አይገባም። ይህን ያህል ደክመውልኝ እንዲህ ብዬ መመለሴ ክብደት እንዳለው አውቃለሁ። ለውለታዎ ብዬ እሺ ብል ግን ደግሜ ልዋሽዎ ነው፤ ከእንግዲህ አልዋሽዎትም። ከተቀየሙኝ ይጻፉልኝ።

ሰርክአዲስ


አንኮበር፣ ሰኔ ፰ ቀን ፲፱፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክአዲስ።

አልተቀየምኩም። የጠየቅሁሽ እናት ስለሆንኩ ነው። ደብዳቤሽን የከፈትኩት ግን እሺ ብለሽ እንዳይሆን እየፈራሁ ነው።

ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የፈቀደ አባት ሦስት ጊዜ ጥሎኝ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። ሽማግሌ ይዞ በመጣ ቁጥር በሩን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ደግ ሴት አለኝ። ያን ጊዜ ፈቀደ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ከዚያም ቀሚሴን ይዞ አጠገቤ ይቆም ነበር። ሁሉንም አይቷል።

እኔን የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም፤ ክፈቺ የሚለኝ ግን ብዙ ነበር። አንቺን ደግሞ እኔ እልሻለሁ። አትክፈቺ።

እናትሽ አሰፋች